የአራስ ገበቴ

ስሙኝማ፤ ይህ ነገር በነፋስ ይጀምራል።

ቀኑ ዓርብ ነው፤ እ.ኤ.አ. ጁን 29፣ 2012። ዋሽንግተንና ዙሪያዋ እንደ ምጣድ ግለው ውለዋል። የሙቀት መለኪያው 40 ዲግሪ ሴልሺየስ ደርሷል፤ በዚያች ከተማ በጁን ወር እንዲህ ያለ ሙቀት ከዚያ በፊት አልተመዘገበም። እኛ የምንኖረው ከከተማዋ ጥግ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ባለቤቴ ሰባት ወሯ ገብቷል፤ እግሯን ባልዲ ውኃ ውስጥ ነክራ፣ በጋዜጣ እያራገበች ተቀምጣለች። ከምሽቱ አራት ሰዓት ተኩል ሲሆን ሰማዩ በአንድ ጊዜ ተቀደደ። ቀን ኢንዲያና ላይ የተነሣ ማዕበል ነው፤ የአፓላችያን ተራሮችን ተሻግሮ ማታ እኛ ዘንድ ደረሰ። ደሬቾ ይሉታል። እንደ አውሎ ነፋስ አይዞርም፤ ፊት ለፊት እየገፋ፣ ያገኘውን እያጋደመ ነው የሚሄደው። መብራት ጠፋ። መስኮቱ አቃሰተ። ከዚያ ከጓሮ በኩል ረጅም፣ ቀስ ያለ የመሰንጠቅ ድምፅ መጣ፤ ቀጥሎ ወለሉ ከእግራችን ሥር ዘለለ። ባለቤቴ ሆዷን በሁለት እጇ ያዘች። እኔ ደግሞ እሷን ያዝኩ።

ሲነጋ ወጣሁ። የጎረቤታችን ጥቁር ቼሪ ዛፍ ከሥሩ ተነቅሎ አጥራችን ላይ ተጋድሟል። የዚህን ዛፍ ፍሬ ከሰው ይልቅ ወፍ ነው የሚበላው፤ እንጨቱን ግን ያገሩ አናጢዎች ይሳሱለታል። አዲስ ሲቆረጥ እንደ ሕፃን ተረከዝ ፈዛዛ ነው፤ ብርሃን ሲያገኘው ዓመት ከዓመት እየቀላ፣ እየጠቆረ ይሄዳል። ጎረቤታችን ባላቸውን በቅርቡ የቀበሩ ሴት ናቸው። የወደቀውን ዛፍ ቆመው ያዩታል።

"የምትፈልገውን ያህል ውሰድ" አሉኝ። "አንተ አንድ ነገር ታደርገዋለህ።"

ጋራዤ ውስጥ የእንጨት ቶርኖ አለችኝ። አገር ቤት ቶርኖ ሲባል ብረት የሚቀረጽበት ማሽን ነው የሚታሰበን፤ የእንጨቱም አሠራሩ ያው ነው። እንጨቱ በሞተር ይሽከረከራል፤ ሰውየው ጎድጓዳ መሮውን መደገፊያ ብረት ላይ አስደግፎ ያስጠጋል፤ ፍቅፋቂው እንደ ጥብጣብ እየተጠቀለለ ይወርዳል። እርጥብ እንጨት ደግሞ ሲሠሩት ደስ ይላል፤ ለመሮ ይገዛል፤ ውኃው ፊት ላይ ይረጫል፤ አቧራ የለውም። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም፣ ጎድጓዳ ሳህን እጅ ላይ ይገኛል። ችግሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ያን ጠዋት ግንዱን ሳየው የታየኝ ዛፍ አልነበረም፤ ገበቴ ነው።

እናቴ እኔን ስትገላገል ገንፎዋን የበላችው አያቴ በጠረቡት የዋንዛ ገበቴ ነበር። ከእኔ በኋላ አራት ልጆች ሲወለዱ ያው ገበቴ ወጣ፤ ገንፎው መሐል ለመሐል የቅቤና የበርበሬ ጉድጓድ ተበጅቶለት፣ ሴቶቹ ዙሪያውን ከብበውት። በኋላ ምስጥ በላው። አያቴ ሲሠሩ ግን ደርሼባቸዋለሁ። ደብረ ማርቆስ አጠገብ ነው አገራችን። ዋንዛው በተቆረጠ በሳምንቱ፣ ውኃው ሳይደርቅ፣ በመጥረቢያ ድፍን ቅርጹን ያወጡለታል፤ ግድግዳውን ሆን ብለው ወፍራም አድርገው ይተዉታል። የእንጨቱ ጅማት የተቆረጠበትን ሁለቱን ጫፍ በእበት ይለቀልቁታል። ከዚያ ጎተራው አጠገብ ጨለማ ጥግ ላይ፣ ጭድ ውስጥ ይቀብሩታል። ክረምቱ ይወጣል፤ መስቀል ያልፋል፤ ጥምቀት አልፎ ሲያወጡት ተጣሟል። ያኔ ነው ጠማማውን እየጠረቡ አቅንተው፣ አሳስተው፣ ቅቤ አጠጥተው የሚጨርሱት።

"ለምን አሁን አይጨርሱትም?" ብላቸው፣

"ገና ይንቀሳቀሳል" አሉኝ።

እንጨት ሲንቀሳቀስ ላይ ብዬ ጭዱን ገላልጬ ስንት ከሰዓት በኋላ እንዳፈጠጥኩበት እግዜር ይወቀው።

እንግዲህ ባለቤቴ ልትወልድ አሥር ሳምንት ቀርቷታል። እናቴ ፍልሰታን ፈትታ ልታርሳት ትመጣለች። አሥር ሳምንት ለጭድ አይበቃም። የእንጨት ሰዎች በአየር ለሚደርቅ ሳንቃ የሚሰጡት ልማዳዊ ስሌት ለያንዳንዱ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ውፍረት አንድ ዓመት ነው። ድፍን ቅርጹ የወጣ ሳህንም በወረቀት ከረጢት ተጠቅልሎ ቀዝቀዝ ካለ ቦታ ቢቀመጥ ከ6 ወር እስከ ዓመት ይፈልጋል።

መብራቱ ለአምስት ቀን አልተመለሰም፤ በዚያ አካባቢ ከሚሊዮን በላይ ደንበኛ ያለ መብራት ቀርቶ ነበር። ሙቀቱም አልበረደም። ግንዱን በቤንዚን በሚሠራ መጋዝ ቆራርጬ ጋራዥ ሳስገባው፣ በማግሥቱ ጫፉ ላይ ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ አየሁ። ዛፍ ውኃ የሚያጓጉዘው በቁመቱ ነው፤ ሲቆረጥም ውኃው በዚያው ቱቦ፣ በጫፉ በኩል፣ ከጎኑ ይልቅ እጅግ ፈጥኖ ይወጣል። ጫፉ ደርቆ ሊኮማተር ይፈልጋል፤ ከኋላው ያለው እርጥብ እንጨት አላላውስ ይለዋል፤ በመሐል ይሰነጠቃል። ሌሊት የምናበራቸው ሻማዎች ነበሩ። የቀለጠውን ሰም በድስት ክዳን አጠራቅሜ ጫፉን ለቀለቅሁት። እጄ ሰም ሲቀባ የአያቴ እበት ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

አሁን ስለ ውኃው ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ እሱ ነውና።

ጠዋት ከወንዝ የመጣች እንስራ አስቡ። ውኃዋ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ሆዷ ውስጥ ያለው ነው፤ ብትገለብጧት ይፈስሳል። ሌላው ሸክላው ራሱ የጠጣው ነው፤ ገልብጣችኋት እንኳ ግድግዳዋ እርጥብ ነው፣ ስትዳስሷት ትቀዘቅዛለች። እንጨትም እንዲሁ ነው። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ቀጫጭን እንስራዎች ጎን ለጎን የተደረደሩበት ነው። መጀመሪያ የሚወጣው የሆዳቸው ውኃ ነው፤ ያ ሲወጣ እንጨቱ ይቀልላል እንጂ መልኩን እምብዛም አይለውጥም። የቀረው እርጥበት ከደረቅ እንጨቱ ክብደት 30 በመቶ ገደማ ላይ ሲደርስ ሆዶቹ ባዶ ናቸው። ከዚያ በታች የሚወጣው የግድግዳው ውኃ ነው። እንጨት የሚኮማተረው፣ የሚጣመመው፣ የሚሰነጠቀው ያኔ ነው። ሸክላ ሠሪዎችም ይህን ያውቁታል፤ ሸክላው ውኃውን ሲለቅ ያንሳል።

መኮማተሩም በሁሉም በኩል እኩል ቢሆን ኖሮ ምንም ችግር አልነበረም። ጥቁር ቼሪ ከእርጥብ እስከ ፍጹም ደረቅ ሲሄድ የዓመት ቀለበቶቹን ተከትሎ 7.1 በመቶ ይጠባል፤ ከእምብርቱ ወደ ቅርፊቱ 3.7 በመቶ፤ በቁመቱ ግን ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ክብ ሆኖ የገባ ሳህን ሞላላ ሆኖ የሚወጣው ለዚህ ነው። ስለዚህ ቶርኖ የሚያውቅ ሰው ሁለት ጊዜ ነው የሚሠራው፤ መጀመሪያ በእርጥቡ፣ የግድግዳውን ውፍረት የስፋቱን አንድ አሥረኛ አድርጎ፤ ሲደርቅ ደግሞ ሞላላውን መልሶ ክብ ያደርገዋል። ከዚያ ከቀጠነ የሚቀረጽ ሥጋ አይተርፍለትም፤ ከዚያ ከወፈረ ውጪው ሲደርቅ ውስጡ እርጥብ እንደሆነ ይቀርና እርስ በርሱ ይጣላል። አያቴ ይህን ቁጥር አያውቁም ነበር። ግድግዳውን ግን ወፍራም አድርገው ይተዉት ነበር።

የቶርኖ ሰዎች ታዲያ ወራቱን የሚያሳጥሩበት መላ አላቸው፤ ማይክሮዌቭ። መላው የሚሠራበትን ምክንያት ለማወቅ ስፈልግ ነው አንድ ልጅ ያገኘሁት። የእሱን ታሪክ ሳልነግራችሁ አላልፍም።

ፐርሲ ስፔንሰር ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1894፣ በአሜሪካ ሰሜን ምሥራቅ ጫፍ፣ በሜይን ግዛት፣ ሃውላንድ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። አባቱ ገና በጨቅላነቱ ሞተ። እናቱ ለአክስቱና ለአጎቱ ትታው ሄደች፤ አጎቱም በኋላ ሞተ። ልጁ በ12 ዓመቱ ትምህርቱን ጥሎ አክስቱን ሊረዳ ሥራ ገባ። የት? የክር ማጠንጠኛ በቶርኖ ከሚሠራበት የእንጨት ፋብሪካ! በሜይን ማጠንጠኛው ይሠራ የነበረው ከነጭ በርች ነው። ልጁ ከፀሐይ መውጫ እስከ መጥለቂያ እስከ 16 ዓመቱ ድረስ ፍቅፋቂና ሰጋቱራ መሐል ኖረ። በሰው ታሪክ ውስጥ ብዙ መገጣጠም ሰምቻለሁ፤ ይህን ያህል ልቤን የነካው ግን የለም። እንጨት ሲዞር እያየ ያደገው ያ ልጅ ነው በኋላ የእኔን ገበቴ ያደረቀውን ዕቃ ለዓለም የሰጠው።

በ16 ዓመቱ በአካባቢው ያለ የወረቀት ፋብሪካ መብራት ሊያስገባ ነው ሲባል ሰማ፤ ስለ ኤሌክትሪክ የሚያውቀው ነገር ሳይኖር ተመዘገበ፤ እየሠራ ተማረ። በ1912 ታይታኒክ ስትሰምጥ የገመድ አልባ መልእክተኞቹን ታሪክ ሰምቶ ልቡ ወደ ሬዲዮ ሄደ፤ ባሕር ኃይል ገባ፤ ሌሊት ሌሊት መጽሐፍ እያነበበ ራሱን አስተማረ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ሬይቲዮን በሚባል ድርጅት ውስጥ ነበር። በ1940 እንግሊዝ አገር፣ በበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ፣ ጆን ራንዳልና ሃሪ ቡት የራዳር ልብ የሆነችውን፣ ሞገዱን የምታመነጨውን ማግኔትሮን ሠርተዋል። በእጅ መዳፍ የምትያዝ፣ ከመዳብ የተፈለፈለች ናት፤ ለመሥራት ግን እጅግ አድካሚ። ስፔንሰር ከአንድ ድፍን መዳብ መፈልፈሉን ትቶ፣ በማተሚያ የተቆረጡ ስስ ቅጠሎችን ደርቦ ማጣበቅን አመጣ። በጦርነቱ ማብቂያ ፋብሪካው በቀን 2,600 ያወጣ ነበር።

በ1945 አንድ ቀን፣ ከምትሠራ ማግኔትሮን ፊት ቆሞ ሳለ ኪሱ ውስጥ ያለው ከረሜላ ቀለጠ። ሌላ ሰው ቢሆን ኪሱን ጠርጎ ያልፍ ነበር። እሱ ሰው ልኮ የፈንድሻ በቆሎ አስመጣ፤ ፊቷ አደረገው፤ ወለሉ ላይ ተፈናጥሮ ፈነዳ። እኛ ማሽላ እያረረ ይስቃል እንላለን፤ ያ በቆሎ እሳት ሳያይ ነው የሳቀው። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 8 የፈጠራ ማመልከቻው ገባ። በ1947 ለሽያጭ የወጣው የመጀመሪያው ማይክሮዌቭ ቁመቱ ከሰው የሚስተካከል፣ ክብደቱ 340 ኪሎ፣ ዋጋው 5,000 ዶላር ገደማ ነበር። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው፣ የቤተሰብ ማእድ ቤት የገባው በ1967 ነው፤ በ495 ዶላር።

ውስጡ የሚሆነው እንዲህ ነው። የውኃ ቅንጣት አንድ ጎኗ አዎንታዊ፣ አንድ ጎኗ አሉታዊ ነው፤ በኤሌክትሪክ መስክ ውስጥ ፊቷን ታዞራለች። የማይክሮዌቭ መስክ ደግሞ በሰከንድ 2 ቢሊዮን 450 ሚሊዮን ዑደት ይገለባበጣል። ውኃዋ ልትከተለው ስትሞክር ከጎረቤቷ ጋር ትጋፋለች፤ ከዚያ ግፊያ ሙቀት ይወለዳል። ሙቀቱ የሚወለደው ውኃ ባለበት ነው፤ እንጨቱ ውስጥ ጭምር። ተራ ኦቭን ውጪውን አድርቆ ውስጡን እርጥብ ይተወዋል፤ ሳህኑም ይተረተራል። ይሄኛው ግን ውስጡንም አብሮ ያሞቀዋል፤ እንፋሎቱ ራሱ ውኃውን ወደ ውጪ ይገፋዋል። መልካምነቱም አደጋውም ይኸው ነው።

አደጋውን በራሴ እጅ ነው ያየሁት።

መብራቱ በተመለሰ ሳምንት ከአሮጌ ዕቃ ሱቅ አንድ ማይክሮዌቭ ገዝቼ ጋራዥ ውስጥ አስቀመጥኩ። ቤት ውስጥ ያለውን አልነካሁም፤ የእንጨት እንፋሎትና ምግብ በአንድ ዕቃ አይሆንም። የመጀመሪያውን ሳህን አወጣሁ፤ ታቹን ከግድግዳው እጥፍ ወፍራም አድርጌ ትቼዋለሁ፤ የዛፉም እምብርት ጥቂት ቀርቶበታል። ቸኩዬ ነበር። በሙሉ ኃይሉ አምስት ደቂቃ ሰጠሁት። በሦስተኛው ደቂቃ የተቃጠለ ስኳር ሽታ መጣ፤ ባለቤቴ ከሳሎን "ምንድን ነው የሚያርረው?" ብላ ጮኸች። ሮጬ አጠፋሁት። በሩን አልከፈትኩም፤ ይህን ልብ በሉ፤ ውስጡ ለታፈነ እሳት አየር መስጠት ነውና። መሰኪያውን ነቅዬ ጭሱ እስኪሞት ጠበቅሁ። ሳወጣው ውጪው ደህና ነው፤ ያው ፈዛዛ ቼሪ። ታቹ ላይ ብቻ እንደ ሚስማር ጭንቅላት የጠቆረች ነጥብ ነበረች። በመጋዝ ለሁለት ብከፍለው ሆዱ ከሰል ነው። ከምድጃ የወጣ ፍም አይቼ አውቃለሁ፤ ቆዳው ሳይነካ አንጀቱ ያረረ እንጨት ግን ያን ቀን ነው የመጀመሪያዬ። ወፍራሙ ታች እንፋሎቱን አፍኖ ይዞት ነበር፤ ከየግድግዳው የተወለደውም ሙቀት መውጫ አጥቶ እዚያው ተከማቸ።

ያን ሌሊት ባለቤቴ የተከፈለውን እንጨት አገላብጣ አይታ "ቸኩለህበታል" አለችኝ። ሌላ አልጨመረችም። ልክ ነበረች።

በማግሥቱ የኩሽና ሚዛን ገዛሁ፤ ግራም የሚቆጥር። ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ የሚዛኑ ነው።

ከአንዱ ግንድ 79 ግራም የምትመዝን ቁራጭ ቆረጥኩ። ኦቭን ውስጥ በ103 ዲግሪ አስቀምጬ ክብደቷ አልቀንስም እስክትል ጠበቅኋት፤ 50 ግራም ላይ ቆመች። 29 ግራም ውኃ ማለት ነው፤ የደረቁ እንጨት 58 በመቶ። ከዚያ ሁለተኛውን ሳህን አወጣሁ፤ ስፋቱ 25 ሴንቲ ሜትር፣ ግድግዳውም ታቹም እኩል 2 ሴንቲ ሜትር ተኩል፣ እምብርቱ ፈጽሞ የሌለበት። ሚዛን ላይ 1,262 ግራም ሆነ። ሒሳቡን ሠራሁ፤ ከዚህ ውስጥ ደረቁ እንጨት 799 ግራም ገደማ ነው። 1,039 ላይ ሲደርስ የእንስራዎቹ ሆድ ባዶ ይሆናል። ከ870 በታች ሲወርድ ለቤት ደርቋል። ሦስቱን ቁጥር ጋራዡ ግድግዳ ላይ በእርሳስ ጻፍኳቸው።

ዙሩ እንዲህ ነው። ማይክሮዌቩን በረዶ ለማቅለጫ በተቀመጠው ዝቅተኛ ኃይል ላይ አደርጋለሁ፤ ሁለት ደቂቃ ተኩል። አጠገቡ ቆሜ አሸታለሁ፤ ዓይን አያይም፣ አፍንጫ ነው ቀድሞ የሚያውቀው። በጓንት አወጣዋለሁ። ላቡን በጨርቅ እጠርግለታለሁ፤ እውነቴን ነው፣ እንጨቱ ያልበዋል፤ በተለይ የጅማቱ ጫፍ ላይ ውኃው እንደ ጤዛ ያቆረዝዛል፣ አንዳንዴም ሲስ እያለ ይፈልቃል። በጋዜጣ ጠቅልዬ ሙቀቱ እስኪበርድ ሠላሳ፣ አርባ ደቂቃ እተወዋለሁ። እመዝናለሁ። እጽፋለሁ። እንደገና።

የመጀመሪያው ዙር 7 ግራም ብቻ ወሰደ፤ ሙቀቱ እንጨቱን ለማሞቅ ነው የዋለው። ሁለተኛው 13። ሦስተኛው 15። በምሽት ሰባት ዙር። በመሐል ያለውን ጊዜ ባለቤቴ አጠገቤ ወንበር አስቀምጣ የሕፃን ልብስ ታጥፍ ነበር፤ ቁጥሩን ስጠራ እሷ ናት የምትጽፈው። በመጀመሪያው ምሽት ማብቂያ 1,172። በሁለተኛው 1,066። ሜትሬን ዘርግቼ ለካሁት፤ በዚህም በዚያም ከ250 ሚሊ ሜትር እምብዛም አልራቀም። የሆዱ ውኃ እየወጣ ነው።

በሦስተኛው ምሽት 1,039ን አለፈ። መኮማተር የጀመረው ልክ እዚያው ነው ብላችሁ እንዳትወስዱት፤ ውጪውና ውስጡ እኩል አይደርቁምና ቀደም ብሎ ትንሽ ትንሽ ጀምሮት ይሆናል። ግን በእጄ ያወቅሁት ያን ምሽት ነው። ትኩሱን ሳህን ይዤ ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጠው ተንገጫገጨ፤ ታቹ ከጠረጴዛው ጋር መግጠም ትቷል። ብለካው ከጅማቱ ጋር 250፣ ጅማቱን አቋርጦ 246። ቆሜ አየሁት። ጭዱን ገላልጬ ስጠብቀው የነበረው ነገር ይኸው፤ ሠላሳ ዓመት ዘግይቶ፣ ሜሪላንድ ጋራዥ ውስጥ፣ እንጨት ሲንቀሳቀስ አየሁ።

አራተኛው ምሽት አስፈራኝ። አንዲት የጉጥ ዓይን አጠገብ የጥፍር ርዝመት ያላት ስንጥቅ ተከፈተች። ማይክሮዌቩን ወዲያው ተውኩት። ሳህኑን በጋዜጣ፣ በላዩ በወረቀት ከረጢት ጠቅልዬ ሁለት ቀን አሳረፍኩት፤ ውስጡ ያለው እርጥበት ቀስ ብሎ ወደ ውጪው ይዳረስ ብዬ። የማድረቅ ጥበብ ግማሹ ማሞቅ ከሆነ ግማሹ ማረፍ ነው፤ እንዲያውም ማረፉ ይበልጣል እላለሁ። በሦስተኛው ቀን ስከፍተው ስንጥቋ ጠብባለች፤ በኋላ ስጨርሰው መሮው አብሮ ወሰዳት። በአምስተኛው ምሽት ዙሩን ወደ አንድ ደቂቃ አወረድኩት፤ ውኃ ሲያንስ እንጨት በቀላሉ ያርራልና። 868። 866። 866። 866።

ባለቤቴ እርሳሱን አስቀመጠች። "በቃው" አለች።

ሳህኑ ከጅማቱ ጋር 250፣ አቋርጦ 240 ሆኖ ቀረ። ሳምንት ያህል ቤት ውስጥ አስቀምጬ አየሩን እንዲለምድ አደረግሁት፤ ከዚያ ቶርኖው ላይ መልሼ ክብ አደረግሁት፤ ግድግዳውን እስከ ጣት ውፍረት አሳሳሁት፤ በብርጭቆ ወረቀት ከሻካራው ጀምሬ እስከ ለስላሳው አለሰለስኩት።  የተልባ ዘይት ቀባሁት፤ ተልባ ከአየር ጋር ተዋሕዶ የሚደርቅ ዘይት ነው። ዘይቱ ደርቆ ስመዝነው 412 ግራም ነበር። የቀባሁበትን ጨርቅ ግን ጠቅልዬ አልጣልኩም፤ ዘርግቼ ውጪ አሰጣሁት፤ ተጠቅልሎ የተጣለ የተልባ ዘይት ጨርቅ በራሱ ሙቀት ሊነድ ይችላል።

እናቴ በፍልሰታ ፍቺ ሳምንት ደላስ አየር ማረፊያ ወረደች፤ የገብስ ዱቄቷን፣ በርበሬዋን፣ የተነጠረ ቅቤዋን ይዛ። ሳህኑን ሰጠኋት። ገለበጠችው። በጣቷ ቆረቆረችው፤ ጆሮዋን አስጠግታ ሰማችው። አሸተተችው።

"ተልባ ነው?"

"አዎ እማዬ።"

"ቅቤ አይሻልም ነበር? አባቴ ቅቤ ነበር የሚያጠጡት።" ከዚያ ፀጥ ብላ ከንፈሩን በአውራ ጣቷ ዞረችው። "ስንት ጊዜ አስቀመጥከው?"

"ሦስት ሳምንት።"

ቀና ብላ አየችኝ። አልጠየቀችኝም። መልሳ ዞረችው።

ጳጉሜን 3፣ በሩፋኤል ዕለት፣ ልጃችን ተወለደች። ከሆስፒታል በወጣን ቀን ቤቱ ሞላ፤ እንኳን ማርያም ማረችሽ የሚለው ድምፅ ከበር እስከ መኝታ ቤት ይቀባበላል። እናቴ ገንፎውን አገንፍታ በሳህኑ አቀረበችው፤ ቅቤው መሐል ላይ ቆሞ፣ በርበሬው ዳር ዳሩን አቅልቶት። ሦስቴ እልል ተባለ። ባለቤቴ አልጋው ላይ ተደግፋ የመጀመሪያውን ጉርሻ ስትጎርስ፣ ቅቤው ከጫፉ አምልጦ በቼሪው ከንፈር ላይ ሲወርድ አየሁት፤ የወረደበት መስመር ወዲያው ቀላ።

ሌሊት ሁሉም ሲተኛ ኩሽና ገባሁ። ሳህኑ ታጥቦ ተደፍቷል። ሚዛኑን አወጣሁ፤ ጫንኩት። 431። እናቴ ከኋላዬ መጥታ ኖሯል፤ ነጠላዋን ተከናንባ በር ላይ ቆማለች።

"ምን እያደረግህ ነው?"

"ውኃ ጠጥቶ እንደሆን እያየሁ ነው።"

"ጠጥቷል?"

"19 ግራም።"

"ይጠጣ" አለችኝ። ሳህኑን ከእጄ ወስዳ በነጠላዋ ጫፍ ከንፈሩን ጠረገችው፤ ከምድጃው ራቅ አድርጋ፣ ጋዜጣ አንጥፋ፣ አየር እንዲያገኘው በማንኪያ ጫፍ ከፍ አድርጋ ደፋችው፤ መብራቱንም አጠፋች።